ከስክሪኑ ዳር የተቆረጠ ምስል፦ የሦስት ቴሌቪዥኖች የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሥራው ላይ ያሉት ሦስት ቴሌቪዥኖች ናቸው። አንደኛው ባለ 43 ኢንች ሲሆን ስክሪኑ 1920 በ1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ሁለተኛው ባለ 32 ኢንች፣ 1366 በ768፣ የራሱ ቦርድ ተቃጥሎ ዩኒቨርሳል ቦርድ (ለብዙ ዓይነት ቴሌቪዥን የሚሆን ቦርድ) የገባለት ነው። ሦስተኛው ባለ 21 ኢንች የድሮ ባለ ቱቦ ነው። ምስል የሚሰጡት ደግሞ የዲሽ ሪሲቨር፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ አንድሮይድ ቦክስ እና ዲቪዲ ማጫወቻ ናቸው።

ቅሬታው በሁሉም ላይ አንድ ይመስላል፦ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ግማሹ አይነበብም፣ የጣቢያው ሎጎ ጎኑ ተሸርፏል፣ ላፕቶፕ ሲገጠም የታችኛው የዊንዶውስ መስመር ይጠፋል። ቅሬታው አንድ ይሁን እንጂ ሕመሙ አንድ አይደለም። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ የላፕቶፑ ግራፊክስ፣ አንዳንዴም ጣቢያው ራሱ ሊቆርጥ ይችላል። የትኛው እንደቆረጠ ሳይለዩ ሪሞት መነካካት አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት መሸፈን ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የተገኘውም በትክክል ይኸው ነበር።

ቀን 1፣ ጠዋት፦ መለኪያ መሥራት

በዊንዶውስ መሳያ ፕሮግራም በፔይንት 1920 በ1080 ፒክስል ሸራ ተከፈተ። መደቡ ጥቁር ነው። በላዩ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ አራት ማዕዘን ፍሬሞች በአንድ ፒክስል መስመር ተሰመሩ። ነጩ ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ቢጫው ከጎን 19 ከላይና ከታች 11 ፒክስል ገባ ብሎ 1 በመቶን ያሳያል። አረንጓዴው 38 እና 22 ሲሆን 2 በመቶ ነው፤ ሰማያዊው 58 እና 32፣ 3 በመቶ፤ ቀዩ 77 እና 43፣ 4 በመቶ፤ ሐምራዊው 96 እና 54፣ 5 በመቶ። መሐል ላይ ዲያሜትሩ 800 ፒክስል የሆነ ክብ ተደረገ። በክቡ ውስጥ አንዱ ፒክስል ነጭ፣ ቀጣዩ ጥቁር እየሆነ የሚሄድ የዳማ ገበታ አለ። ይህን በእጅ መሳል አይቻልም፤ ሁለት በሁለት ፒክስል ተሠርቶ እየተገለበጠና እየተለጠፈ ይበዛል።

የእያንዳንዱ አገልግሎት ይለያያል። ፍሬሞቹ ምን ያህል እንደተቆረጠ ይናገራሉ። ክቡ ምስሉ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ መለጠጡን ያጋልጣል። የዳማው ገበታ ደግሞ አንድ የምንጩ ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ላይ ማረፉን ያሳያል፦ ካረፈ ከሩቅ እኩል የሆነ ግራጫ ይመስላል፣ ካላረፈ ውኃ እንደነካው ሐር ማዕበል ማዕበል ይላል።

ፋይሉ በፒኤንጂ ተቀመጠ። በጄፔግ ሲቀመጥ የአንድ ፒክስል መስመሩ ይደበዝዛል፣ ዳማውም ይበላሻል። ሆኖም ብዙ ሪሲቨሮች ከፍላሽ ፒኤንጂ ስለማይከፍቱ አንድ ቅጂ በጄፔግም ተዘጋጀ፤ እሱ ለፍሬሞቹ እንጂ ለዳማው አይታመንም። ከዚህ ሌላ ያው ምስል የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሆኖ በኤምፒ4 ወጣ፤ አንዳንድ ማጫወቻ ፎቶን ሙሉ አሳይቶ ቪዲዮን ይቆርጣልና።

ቀን 1፣ ከሰዓት፦ የመጀመሪያው ስህተት

ፍላሹ በቀጥታ በባለ 43ቱ ዩኤስቢ ተሰካ። ነጩ ፍሬም በአራቱም ጎን ሙሉ ታየ። በኤችዲኤምአይ በኩል ከላፕቶፕ ሲላክ ግን ነጩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም የሉም።

ቴሌቪዥኑ ከራሱ ዩኤስቢ የሚያሳየውን ፎቶ ልክ እንደራሱ ሜኑ ነው የሚስለው፤ ከውጭ የሚገባ ምስል የሚያልፍበትን መቁረጫ አያልፍም። ስለዚህ በዩኤስቢ ሙሉ መታየቱ ስለ ኤችዲኤምአዩ ምንም አይናገርም። መለኪያው መግባት ያለበት ችግሩ በታየበት በዚያው መግቢያ፣ በዚያው ሬዞሉሽን (የፒክስል ልክ) ነው። የሪሲቨሩን መስመር ለመፈተሽም ፍላሹ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል።

የንባብ ደንቡ ከዚህ በኋላ ሥራውን ሁሉ ይመራል። አራቱም ጎን በተመሳሳይ በመቶኛ ከጎደለና ክቡ ክብ ከሆነ ኦቨርስካን ነው፤ ማለትም ቴሌቪዥኑ የምስሉን ዳር ቆርጦ የቀረውን ለጥጦ ስክሪኑን ይሞላል። ከላይና ከታች ብቻ ጎድሎ ክቡ ክብ ከሆነ ዙም በርቷል፤ 4፡3 ምስል (የድሮው ጠባብ ቅርጽ) ሰፊውን 16፡9 ስክሪን እንዲሞላ ሲጎላ ከቁመቱ ሩብ ያህሉ፣ ማለትም ከላይ 12.5 ከታች 12.5 በመቶ ይሄዳል። ከጎን ብቻ ጎድሎ ክቡ ወደ ጎን ከሞላለለ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው። በአንድ ጎን ጎድሎ በሌላው ጥቁር ከተረፈ ምስሉ ተንሸራቷል፤ ይህ የቪጂኤ (የድሮው የኮምፒውተር ስክሪን) ገመድና የባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነገር ነው እንጂ በኤችዲኤምአይ አይጠበቅም። መለኪያው ሙሉ ታይቶ አንድ ጣቢያ ብቻ ከተቆረጠ ምስሉ ተቆርጦ ነው የተላከው፤ በቤት የሚመለስበት መንገድ የለም።

ስለ ምክንያቱ

በቱቦ ዘመን ኦቨርስካን ጉድለት ሳይሆን መሸፈኛ ነበር። መብራት ሲወርድ፣ ካፓሲተር ሲያረጅ፣ የምስሉ ብርሃን ሲለዋወጥ ምስሉ ይሰፋል ይጠባል። ጥቁሩ ዳር እንዳይታይ ፋብሪካው ምስሉን ከመስታወቱ አስበልጦ ያስለዋል፤ ጣቢያውም ይህን እያወቀ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ያስገባል። ጠፍጣፋው ስክሪን የፒክስል ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም። ልማዱ ግን ቀጠለ፤ ኤችዲኤምአይ የተመሠረተበት ደረጃም የቴሌቪዥን ሬዞሉሽኖችን በልማዱ ዳራቸው እንደሚቆረጥ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ከምስሉ ጋር በሚሄደው የመረጃ ጥቅል ውስጥ ስለ ዳር የሚናገሩ ሁለት ቢቶች አሉ፦ ይቆረጥ፣ አይቆረጥ፣ ወይም ምንም አልተባለም። ምንም ካልተባለ ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ይቆርጣል።

ቀን 2፦ ባለ 43 ኢንቹ

ንባብ፦ በአራቱም ጎን ሰማያዊው ይታያል፣ አረንጓዴው አይታይም። ጠርዙ በሁለቱ መካከል ግድም ስለሆነ 2.5 በመቶ ተብሎ ተያዘ። ይህ ከጎን 48፣ ከላይና ከታች 27 ፒክስል ነው። የሚታየው 1824 በ1026 ብቻ ሆኖ ያ ተለጥጦ 1920 በ1080ውን ይሞላል። 2.5 በመቶ ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን 0.95 በ0.95 ሲባዛ 0.9025 ነው፤ ከምስሉ ስፋት አሥር በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ተጥሏል። የተረፈውም በ5.26 በመቶ ስለተለጠጠ ምንም ፒክስል በቦታው የለም፤ ዳማው ማዕበል ሠርቷል፣ ትንንሽ ጽሑፍም ጭጋግ ለብሷል።

መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በኤልጂ በአስፔክት ሬሾ ውስጥ «ጀስት ስካን» ይባላል። በሳምሰንግ አሮጌዎቹ ላይ በፒክቸር ሳይዝ ውስጥ «ስክሪን ፊት»፣ በአዲሶቹ ላይ 16፡9 ተመርጦ «ፊት ቱ ስክሪን» የሚለው ይበራል። በሶኒ በስክሪን ሜኑ ውስጥ «ዲስፕሌይ ኤሪያ» ወደ «ፉል ፒክስል» ይዞራል። በፊሊፕስ «አንስኬልድ»፣ በሻርፕ «ዶት ባይ ዶት» ይላል። በፓናሶኒክና በሌሎች ብዙዎች ላይ በግልጽ «ኦቨርስካን» ተብሎ ተጽፎ ወደ «ኦፍ» ይደረጋል። የማሳያ ቅርጹ በቅድሚያ 16፡9 መሆን አለበት፤ በዙም ወይም በ4፡3 ላይ እያለ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ደብዝዞ አይነካም።

ከተቀየረ በኋላ ነጩ ፍሬም በአራቱም ጎን ወጣ፣ ዳማው እኩል ግራጫ ሆነ። ኤችዲኤምአይ 1 ተስተካከለ። ገመዱ ወደ ኤችዲኤምአይ 2 ሲዛወር ግን ያው መቁረጥ ተመለሰ፤ ምርጫው የሚቀመጠው ለየመግቢያው ነው፣ በአንዳንዱ ቴሌቪዥን ደግሞ ለየሬዞሉሽኑም ጭምር ነው። ስለዚህ ሪሲቨሩ በሚሰካበት ላይ ሪሲቨሩ በርቶ፣ ላፕቶፑ በሚሰካበት ላይ ላፕቶፑ በርቶ አንድ በአንድ መደረግ አለበት።

የተስተካከለው ነገር ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ የሚመለስ ከሆነ ቴሌቪዥኑ በሱቅ ማሳያ ሞድ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲበራ «ስቶር» ተመርጦ ይሆናል። ወደ «ሆም» ካልተለወጠ የሚስተካከለው ሁሉ ውኃ ላይ መጻፍ ነው።

ቀን 2፣ ማታ፦ ላፕቶፑ

ቴሌቪዥኑ መቁረጡን ሲያቆም ላፕቶፑ ላይ አዲስ ነገር ታየ፦ ምስሉ አንሶ በዙሪያው ጥቁር ዳር ተረፈ። ቀደም ሲል መቆረጡን ለማካካስ በግራፊክስ ሜኑ ምስሉ እንዲያንስ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ግራፊክሱ 1920ን ወደ 1824 ያጠባል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ 1824ን ወደ 1920 መልሶ ይለጥጣል። ዳሩ ይመለሳል፤ ጽሑፉ ግን ሁለት ጊዜ ታሽቷል። ፊልም ለማየት ይታለፋል፣ ኤክሴል ለመክፈት ግን ዓይን ያደክማል። ከምንጩ ማሳነስ ቴሌቪዥኑ ምንም መውጫ ከሌለው ብቻ የሚወሰድ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

በኤኤምዲ ግራፊክስ «ኤችዲኤምአይ ስኬሊንግ» የሚለው ወደ 0 በመቶ ይመለሳል። በኢንቴል በዲስፕሌይ ውስጥ ያለው «ስኬል» ከ«ከስተም» ይወጣል። በኤንቪዲያ «አጀስት ዴስክቶፕ ሳይዝ ኤንድ ፖዚሽን» ውስጥ የተደረገ ማሳነስ ይነሳል። በዚሁ በኤንቪዲያ የሬዞሉሽን ዝርዝሩ ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ ይሏል፦ ላይኛው የቴሌቪዥን ሬዞሉሽን፣ ታችኛው «ፒሲ» የሚል ነው። 1920 በ1080 በሁለቱም ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ከታችኛው ክፍል ሲመረጥለት መቁረጡን ይተዋል።

በሳምሰንግና በኤልጂ የመግቢያውን ስም ወይም ምልክት ወደ «ፒሲ» መለወጥ ለላፕቶፕ ይመረጣል፤ ዳሩ እንዳይቆረጥ ከማድረግ አልፎ ባለ ቀለም ትንንሽ ፊደላትንም ያጠራል። የጎን ጉዳት ግን አለው፦ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ወይም ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ከጠፋ የቀለም ወሰኑ ተዛብቷል። ላፕቶፑ «ፉል» (ሙሉውን የቀለም ወሰን) እየላከ ቴሌቪዥኑ «ሊሚትድ» (የጠበበውን) እየጠበቀ፣ ወይም በተቃራኒው ነው። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ይስተካከላል።

ቀን 3፦ ሪሲቨሩ

በመጀመሪያ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ላይ የዳር ማስተካከያው ደብዝዞ አልነካ አለ። ምክንያቱ ሪሲቨሩ 576አይ በሚባለው ዝቅተኛ ሬዞሉሽን ላይ ተትቶ መገኘቱ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ዳር አለመቁረጥን የሚፈቅዱት ከ720ፒ ጀምሮ ብቻ ነው። በሪሲቨሩ ሜኑ የቪዲዮ ውፅዓቱ ወደ 1080አይ 50 ኸርትዝ ተቀየረ፤ ወዲያው ምርጫው ተከፈተ። ከአሜሪካ የመጣ ቴሌቪዥን ከሆነ 50 ኸርትዝ ላይቀበል ስለሚችል ምስሉ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ እዚያ ላይ 720ፒ 60 ይሞከር።

ዳሩ ከወጣ በኋላም የአንድ ቻናል ሎጎ ከጎን ተቆርጦ ቀረ፤ የዜና አንባቢውም ፊት ከልክ በላይ ሰፍቷል። በሪሲቨሩ ውስጥ የቴሌቪዥን ዓይነት «4፡3 ፓን ስካን» ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ሪሲቨሩ ሰፊውን ምስል ለጠባብ ቴሌቪዥን እንዲመጥን ከግራና ከቀኝ 12.5 በመቶ እየቆረጠ፣ በ1920 ሲታሰብ በየጎኑ 240 ፒክስል እየጣለ ይልከዋል፤ ቴሌቪዥኑ ያንን መልሶ ወደ ሰፊ ይለጥጠዋል። ውጤቱ የተቆረጠም የወፈረም ምስል ነው። ወደ 16፡9 ሲቀየር ሁለቱም ጠፉ።

ይህ ስህተት ከኦቨርስካን የበለጠ ብዙ ቤት ውስጥ አለ ለማለት ያስደፍራል። ሪሲቨሩ በድሮው ቴሌቪዥን ዘመን ተገጥሞ ቴሌቪዥኑ ሲቀየር ማንም ሜኑውን አልከፈተውም። «4፡3 ሌተርቦክስ» ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ጥቁር አሞሌ ይመጣል፤ ያን ለማስወገድ ዙም የሚጫን ሰው ምስሉን ደግሞ ከጎን ሊቆርጠው ይችላል። ሪሲቨሩ ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ ወይም ሶፍትዌሩ ሲታደስ ቅንብሩ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ስለሚችል ከዚያ በኋላ እንደገና ማየት ነው።

ቀን 4፦ ባለ 32ቱ፣ ዩኒቨርሳል ቦርድ ያለው

በተራው ሜኑ ውስጥ የኦቨርስካን ምርጫ የለም። ንባብ፦ ከግራ 3፣ ከቀኝ 4፣ ከላይ 2፣ ከታች 4 በመቶ። እኩል አለመሆኑ የቦርዱ ሶፍትዌር ለስክሪኑ በደንብ አለመለካቱን ይናገራል።

በኤምስታር ቺፕ በተሠሩ ዩኒቨርሳል ቦርዶች ብዙ ጊዜ በሪሞቱ ሜኑ ተከፍቶ 1147 ሲጻፍ የፋብሪካው ሜኑ ይከፈታል። ሶፍትዌሩ ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው። ገና ምንም ሳይነካ እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነሣ፤ ይህ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም፣ መመለሻው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወደ ኦቨርስካን ገጽ ተገባ። እዚያ አራት ቁጥሮች አሉ፦ የአግድም ቦታና መጠን፣ የቁም ቦታና መጠን። መጀመሪያ መጠኑ ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ቦታው ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱን ጎን ሲያወጡት ሌላው ይገባል። ቁጥሩ በአንድ በአንድ ይቀየር፤ እየተቀየረ ያለው አሁን ለተከፈተው መግቢያና ሬዞሉሽን ብቻ ስለሆነ በሪሲቨሩም በላፕቶፑም ላይ ተደጋግሟል።

በዚህ ሜኑ ውስጥ ከፓነል (ከስክሪኑ ዓይነት)፣ ከኤልቪዲኤስ (ከቦርዱ ወደ ስክሪኑ ምስል ከሚያደርሰው መስመር) እና ከምስል መገልበጥ ጋር የተያያዙት ገጾች አይነኩም። የተሳሳተ የፓነል ምርጫ ስክሪኑን ስለሚያበላሸው ሜኑው ራሱ ላይነበብ ይችላል፤ ያኔ በፍላሽ ሶፍትዌር እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ነጩ ፍሬም በአራቱም ጎን ታየ፤ ዳማው ግን ማዕበሉን አልተወም። ይህ ስህተት አይደለም። 1366 በ768 ስክሪን 1280 በ720ም ሆነ 1920 በ1080 ሲገባለት መለጠጥ ወይም ማጥበብ አይቀርለትም፤ 720ውን እንኳ በ6.7 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። በዚህ ስክሪን ላይ የሚታመነው ፍሬሙ እንጂ ዳማው አይደለም። ላፕቶፕ ላይ ጥርት ያለ ጽሑፍ የሚፈልግ ቪጂኤ ካለው 1360 በ768 አድርጎ ይሞክር።

ቀን 5፦ አንድሮይድ ቦክስና ዲቪዲ

ቦክሱ በዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ «ስክሪን ፖዚሽን» አለው። ከ100 በመቶ በታች ተቀምጦ ስለነበር ወደ 100 ተመለሰ። ኮዲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ መተግበሪያ ውስጥ ለብቻው «ቪዲዮ ካሊብሬሽን» አለ፤ የላይ ግራና የታች ቀኝ ማዕዘኖችን በቀስት ቁልፍ ጠርዙ ላይ ማሳረፍ ነው። እዚያው የግርጌ ትርጉም የሚወጣበትን ከፍታም ማንሳት ስለሚቻል ጽሑፉ ብቻ ለተቆረጠበት ፊልም ይህ ይበቃል።

ዲቪዲው በቢጫው የኤቪ ገመድ ገባ። እዚህ ላይ ኦቨርስካን ማጥፋት አይመከርም። የፓል (የ50 ኸርትዝ የቴሌቪዥን ሥርዓት) ምስል 720 በ576 ቢሆንም በአግድም እውነተኛ ምስል የያዘው 702 ያህሉ ነው፤ በየጎኑ ዘጠኝ ያህል ፒክስል ጥቁር ወይም የደበዘዘ ይቀራል። በአናሎግ ስርጭት ላይ ከላይኛው ጠርዝ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነጠብጣብ መስመር ቢታይ እሱም የምስል ቅርጽ መረጃ የሚሄድበት 23ኛው መስመር ነው። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ከግርጌ የተቆራረጠ የሚጎተት ጭረት አለ፤ ይህ በካሴቱ ራስ መቀያየሪያ የሚፈጠር ስለሆነ ማጫወቻውን ማጽዳት አያጠፋውም። ለኤቪ መግቢያው ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ኦቨርስካን ተትቷል።

ቀን 5፣ ማታ፦ ባለ ቱቦው

በዚህ ላይ ነጩን ፍሬም ማውጣት ግብ አይደለም። በየጎኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ውጭ እንዲቀር ተደርጎ ይተዋል፤ አለበለዚያ መብራት በወረደ ቁጥር ጥቁር ዳር ይታያል። ማስተካከያው በአዳዲሶቹ በሪሞት በሚከፈት የፋብሪካ ሜኑ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ ቦርዱ ላይ ባሉ «ቪ ሳይዝ» እና «ኤች ሴንተር» በሚሉ ትንንሽ ዊንጮች ነው። ከ220 ቮልት የተገኘው ዋና ካፓሲተር 310 ቮልት ያህል ይይዛል፤ ቱቦው አናት ላይ በተሰካው ጎማ ስር ደግሞ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አለ። መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ሁለቱ ስለማይጠፉ ይህን ሥራ ቱቦ የለመደ ጥገና ባለሙያ ብቻ ነው የሚሠራው።

ምስሉ ብርሃን ሲጨምር የሚያብጥ፣ ጨለማ ሲሆን የሚሰበሰብ ከሆነ ዊንጩን መንካት ከንቱ ነው፤ የከፍተኛ ቮልቴጁ ማረጋጊያ ደክሟል። ከላይ ብቻ ተጨማድዶ መስመሮች ከተደራረቡ ደግሞ በቁም ማስኬጃው አይሲ አጠገብ ያለው ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ደርቋል።

ቀን 6፦ ገና ከመላኩ በፊት ያለው

የሠርግና የመዝሙር ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ተመልካቹ ቤት ያለው ቴሌቪዥን የተስተካከለ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ስም፣ ቀንና ስልክ ቁጥር ጠርዝ ላይ አይጻፍም። ለ1920 በ1080 ከጎን 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ገባ ያለው የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ለጽሑፍ የሚያስቀምጠው 5 በመቶ ነው፤ መለኪያው ላይ ሐምራዊው ፍሬም ማለት ነው። ፊትና እጅ የመሰለው ዋና እንቅስቃሴ ደግሞ 3.5 በመቶ፣ ማለትም ከጎን 67፣ ከላይና ከታች 38 ፒክስል ውስጥ ይያዛል።

ጽሑፉ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ያለቀ ቪዲዮ ከመጣና ዋናው ፕሮጀክት ከሌለ ምስሉ በማቀናበሪያው 95 በመቶ ተደርጎ ጥቁር ዳር ይታከልበታል። በሚቆርጠው ቴሌቪዥን ላይ ልክ ይገጥማል፤ በተስተካከለው ላይ ግን በዙሪያው ቀጭን ጥቁር ፍሬም ይዞ ይታያል። ሁለት ቅጂ አውጥቶ በፍላሹ ላይ «ሙሉ» እና «የተቀነሰ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ከሆነ «ሙሉ» የሚለው ይከፈት።